በዘመነ ማርቆስ የተከፈተ የሰማይ መንገድ

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ዕለቱ ሰኞ፥ ወራቱም የዐቢይ ጾም ነበር። የኒቆዲሞስ እሑድ ባለፈ ማግሥት፥ ሆሳዕና ሳይደርስ፥ ባዲስ አበባ ከልደታ ሜዳ አንድ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ተነሥቶ ባሥመራ በኩል አድርጎ ወደ ካይሮ ሄደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀኑን አስቀድሞ አስታውቆ፥ መንገደኛና ዕቃ ጭኖ ወደ ውጭ አገር ያደረገው የመጀመሪያው ጉዞ ይኸው ነው። ከዚያም ወዲያ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲመላለስ ተደረገ።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ቀን ሲመረምር አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ያገኛል። ዓመተ ዓለሙ 7438 ነበርና ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ስለዚህ ወንጌላዊው ማርቆስ ነው። የማርቆስም መንበር እስክንድርያ ናት። ውሉን የተዋዋሉት የመንግሥት ሰዎችና አውሮፕላኑን የነዱት አሜሪካውያን ይህን አስበው ቀኑን መረጡ ማለት አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በራስዋ አውሮፕላን የከፈተችው የመጀመሪያው የሰማይ መንገድ፥ ቤተ ክርስቲያንዋ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያኽል ጀምሮ በእግርና በበቅሎ፥ በግመልና በመርከብ ስትመላለስበት የኖረችው የግብጽ መንገድ መሆኑ፥ ሰው ቢያስብበትም ባያስብበትም እውነት ነው።

የዚያ የጥንቱ መንገድ ርዝመት ምን ያኽል ሸክም እንደ ነበረ የዛሬ ሰው በቀላሉ አያስተውለውም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ጳጳሱ ከእስክንድርያ የሚመጣ ስለ ነበረ፥ ጳጳስ በሞተ ቍጥር መልክተኛ ወርቅና ደብዳቤ ይዞ መውረድ ነበረበት። መልክተኛው ከደጋ ወደ ቈላ፥ ከቈላ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፤ ከምጽዋ መርከብ ይጠብቃል፤ መርከቡም ነፋስ ይጠብቃል። ወይም በስናር በኩል የዐባይን ወንዝ ተከትሎ ምድረ በዳውን ያቋርጣል። በመንገድ ላይ ወባ አለ፤ ወንበዴ አለ፤ በየበሩ ቀረጥ የሚጠይቅ ሹም አለ። ካይሮ ደርሶም ጉዳዩ እስኪፈጸም ደጅ ይጠናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አገር ቤት ቄስና ዲያቆን የሚሾም፥ ታቦት የሚባርክ አይኖርም፤ አንዳንድ ጊዜም መንበሩ ያለ ጳጳስ ዓመታት ያሳልፍ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓመታት አንድ ሳይሆን አራት ጳጳሳት ባንድ ጊዜ ከግብጽ ያስመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ የመንገድ ችግር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነገሩ ቀለለ። መንገደኛው 784 ኪሎ ሜትሩን በባቡር በሦስት ቀን ይጨርሳል፤ ሌሊቱን ባዋሽና በድሬዳዋ ያድራል፤ ከጅቡቲም በመርከብ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ሱዌዝ ይወርዳል። በ1921 ዓ.ም. አባ አብርሃም፥ አባ ጴጥሮስ፥ አባ ሚካኤልና አባ ይስሐቅ ወደ ግብጽ ሄደው ጵጵስና ሲሾሙ የነበረው ዘመን ይህ የባቡርና የመርከብ ዘመን ነበር። ያ ዓመት ደግሞ ለሌላ ነገር መጀመሪያ ሆነ።

በዚያው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ አውሮፕላን፥ አንድሬ ማዬ በሚባል ነጂ እየተነዳ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ያዲስ አበባ ሕዝብ ከሰማይ የሚወርድ ባለ ሞተር መንኰራኵር ሲያይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ብዙም ሳይቈይ የጀርመን ሥራ የሆነ ዩንከርስ ተከተለው። የአልጋ ወራሹና የንጉሥ ተፈሪ መኰንን ሐሳብ አውሮፕላን መግዛት ብቻ አልነበረም፤ ያገር ልጅ እንዲነዳው ጭምር ነበርና፥ ዓመት ያኽል ቈይቶ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የሚባሉ ወጣቶች በኢትዮጵያ ምድር ተምረው የነጂነት ማዕርግ አገኙ። ሚሽካ አባቱ መስኮባዊ፥ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የእነዚህ የሁለቱ ስም ከኋለኞቹ ይልቅ ጥቂት ብቻ ሲነሣ መኖሩ ያሳዝናል።

ከዚያ ዘመን አውሮፕላኖች ሁሉ ታሪኩ እንደ ፀሐይ አውሮፕላን የሚያስደንቅ የለም። ይህች አውሮፕላን የተገዛች ሳትሆን እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራች ናት። ሉድቪግ ዌበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አበጃት፤ በንጉሠ ነገሥቱ ሴት ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም ተሰየመች። ነገር ግን ዓመቱ የጦርነት ዓመት ነበር። የኢጣልያ ጦር በመስከረም ወር ዳር ድንበር ጥሶ ገብቶ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የነበርዋት ጥቂት አውሮፕላኖች ቦምብ የሚጥሉ አልነበሩም፤ መድኃኒት፥ መልክትና ቁስለኛ ያመላልሱ ነበር። በነዚህ ላይ የበላይ ሆኖ ይሠራ የነበረው ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ዘሩ ከአፍሪካ ነውና አገሩን አሜሪካን ትቶ በገዛ ፈቃዱ መጣ። ከድል በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶችን አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. ባዲስ አበባ የሚነዳው አውሮፕላን ወድቆበት በደረሰበት ጉዳት ሞተ። የተቀበረውም እዚሁ ነው።

ፀሐይ አውሮፕላን ግን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች። ስምዋን የሰጠቻት ልዕልት በስደት እንግሊዝ አገር የሕመምተኛ አስታማሚነት ትምህርት ተምራ፥ ወዳገርዋ ተመልሳ፥ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፈች። አውሮፕላንዋ ግን ከሮም ከተማ ጥቂት በሚርቅ የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ውስጥ፥ ክንፍዋ እንደ ተዘረጋ፥ ያስተናጋጆችዋን ቋንቋ እየሰማች ብዙ ዘመን ተቀመጠች። ኢጣልያ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መለሰቻት። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ የታየው ደስታ ትልቅ ነበር፤ የዚህች ትንሽ አውሮፕላን መመለስ ግን ከሐውልቱ ጋራ የማይመሳሰል አንድ ነገር አለው። ሐውልቱ አባቶች ጥንት የሠሩትን የሚያሳይ ነው፤ ፀሐይ ግን በወረራው ዋዜማ ያገሩ ሰው ምን ሊሠራ ጀምሮ እንደ ነበረ፥ የተቋረጠበትም ምን እንደ ሆነ ታሳያለች።

ነገር በነገር ይነሣልና፥ ያች አውሮፕላን በተሠራችበት በዚያው በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አሜሪካ አገር ካሊፎርንያ ውስጥ ሌላ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ዳግላስ ዲሲ 3 ይባላል። ከእርሱ የተወለደው ሲ 47 የተባለው የጦር ሠራዊት ጭነት አመላላሽ፥ እንግሊዞች ዳኮታ የሚሉት፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሥር ሺህ ያኽል ተሠራ። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካ የተረፋትን በርካሽ ዋጋ ትሸጥ ነበርና፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን አምስት አውሮፕላኖች የገዛው ከነዚህ ነው።

ይህ ዳግላስ ዛሬ ካለው አውሮፕላን ጋራ ሲነጻጸር ምን ይመስል እንደ ነበረ መናገር ያስፈልጋል። መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ሰማይ፥ ጅራቱ ወደ መሬት ነው፤ ሦስተኛው ጎማ ከጅራቱ በታች ስለ ሆነ። መንገደኛው በኋላ በር ገብቶ ወደ ፊት ሲሄድ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ጎንበስ ይላል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያኽል፥ ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 1200 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ፍጥነቱ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያኽል ነበር። ለወታደር የተሠራ ስለ ሆነ የተመቸ ወንበር የለውም፤ ግራና ቀኙን በግድግዳው ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ መቀመጫ ተዘርግቶ፥ መንገደኞች ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ጭነቱ በገመድ ታስሮ ይቆማል። ስለዚህ ባለ ሥልጣኑና ነጋዴው፥ መነኵሴውና ወታደሩ፥ በቡና ጆንያ ወይም በቆዳ እስር ማዶና ማዶ ሆነው ይተያዩ ነበር። ማዕርግ ለይቶ የሚያስቀምጥ መጋረጃ የመጣው በኋላ ነው።

የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር አይታመቅም ነበር። እንዲህ ከሆነ ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር ትንፋሽ ያጥራል፤ ጆሮም ይደነቍራል። በቈላ አገር ይህ ብዙ ችግር አይሆንም፤ በኢትዮጵያ ግን መሬቱ ራሱ ከፍ ያለ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠረፍ በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ አየር አምስተኛውን እጅ ያኽል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፥ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ከወትሮው ረዘም ያለ ሜዳ መሮጥ፥ ጭነቱንም መቀነስ ግዴታው ነው። ፀሐይ ስትከርር አየሩ የባሰውን ስለሚሳሳ፥ በጠዋቱ ብርድ መነሣት ይመረጣል። ከሰሜን በኩል የሚጠብቁት የስሜን ተራሮች ራስ ዳሸን ላይ ከ4500 ሜትር በላይ ናቸው። ዛሬ መንገደኛው በ11 ሺህ ሜትር ላይ ሆኖ ቡና ሲጠጣ ተራራው እንደ ሣር ክምር ይታየዋል፤ የዳግላሱ ነጂ ግን ደመናን በጎን፥ ገደልን በጎን እያየ፥ ወንዙንና አምባውን እንደ መንገድ ምልክት እየቈጠረ ነበር የሚሄድ።

እንግዲህ ካዲስ አበባ እስከ ካይሮ በቀጥታ ቢለካ 2500 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። በዚያ ፍጥነት በሰማይ ላይ ብቻ አሥር ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለማረፍና ቤንዚን ለመቅዳት የሚጠፋው ጊዜ ሳይቈጠር። ዛሬ አራት ሰዓት የሚያኽለው ጉዞ ከዚህ አጠገብ ሲታይ ያ ቀርፋፋ ሊመስል ይችላል። የሚነጻጸር ግን ከዛሬው ጋራ ሳይሆን ከትናንትናው ጋራ ነው። ወራት የፈጀው መንገድ ባንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ወደ ሳምንታት፥ ከሳምንታት ወደ አንድ ወይም ሁለት ቀን ወረደ። በ1940 ዓ.ም. ሐምሌ 18 ቀን አባ ባስልዮስና አራቱ ኢትዮጵያውያን አባቶች በካይሮ ጵጵስና ሲሾሙ፥ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ፥ በመጨረሻም በ1951 ዓ.ም. ሰኔ 21 ቀን የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሲሆኑ፥ በሁለቱ መንበሮች መካከል የነበረው ብርቱ ክርክርና ምክክር ደብዳቤው በምን ያኽል ቀን ይደርሳል የሚል ጭንቀት አልነበረበትም። የቤተ ክርስቲያን ነጻነት በአውሮፕላን መጣ ማለት አይደለም፤ የሊቃውንቱ ድካምና የመንግሥቱ ጽናት ነው ያመጣው። ይሁን እንጂ የመንገዱ ማጠር ነገሩን ሳያግዘው አልቀረም።

ውሉ እንዴት እንደ ተደረገ ማስታወስም ጥቅም አለው። በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የተደረገው ስምምነት ለእንግሊዝ ጦር በኢትዮጵያ ምድርና ሰማይ ላይ ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ይህ ውል በሌላ ሲለወጥ የመንግሥቱ እጅ ተፈታ፤ ዓመቱም ሳያልቅ በጳጉሜን ወር ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከሚባለው ያሜሪካ አየር መንገድ ኩባንያ ጋራ ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ኩባንያው ተቋቋመ። ጎረቤት የነበሩት አገሮች ሁሉ በቅኝ ገዥዎቻቸው አየር መንገድ በሚገለገሉበት ዘመን፥ ከጠላት እጅ ከወጣች አምስት ዓመት ያልሞላት አገር የራስዋን ባንዲራ የያዘ አውሮፕላን ማስነሣትዋ፥ ገንዘብ ከማትረፍ በፊት የታሰበ ሌላ ነገር እንደ ነበረ ያመለክታል።

ነጂዎቹ፥ መካኒኮቹና ሥራ አስኪያጆቹ በመጀመሪያው ላይ አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ዕቃ ጫኝ፥ ትኬት ቈራጭ፥ ቢበዛ የመካኒክ ረዳት ነበር። ይህን የሚነቅፉ በዚያን ዘመንም አልጠፉም። ነገር ግን ኢትዮጵያውያንን ማስተማር የሥምምነቱ ክፍል ነበርና በ1949 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኞችን አውሮፕላን በአዛዥነት ለመንዳት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ከመጀመሪያው ጉዞ እስከዚያ ቀን አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ እስኪሾሙ ድረስ ደግሞ ሩብ ምዕተ ዓመት ተቈጠረ። አንዱ ይህን ዘገየ ሊል ይችላል፤ ሌላው ከብዙ አገሮች ፈጠነ ይላል። ዋናው ነገር የተጀመረው ትምህርት አለመቋረጡ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወድቆ ደርግ ሲተካ፥ ደርግም ወድቆ ሌላ ሲተካ፥ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ከመቀበል አላቆመም።

ከካይሮ መንገድ ቀጥሎ ጅቡቲና ኤደን፥ ካገር ውስጥም ጅማ ተከፈቱ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ናይሮቢና ቦምቤይ ተጨመሩ። ያገር ውስጡ መንገድ ከውጭው ይልቅ ሕዝቡን የነካ ነበር። የጅማ ነጋዴ በበቅሎ ጊቤን ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከሳምንት በላይ ይደክማል፤ ክረምት ከገባማ ወንዙ ሞልቶ ከዳር ሆኖ መጠባበቅ ነው። ዳግላሱ በሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሰው ነበር። ጎሬ፥ ጋምቤላ፥ ደምቢ ዶሎ፥ ጎባ፥ ደብረ ማርቆስ፥ ጎንደር፥ አክሱም፤ የነዚህ ከተሞች ማረፊያ ሜዳ ብዙው ሣር ነበር። አውሮፕላኑ ሊደርስ ሲል ከብቱ ከሜዳው ይባረራል፤ ነጂውም ሜዳው ንጹሕ መሆኑን ለማየት አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይዞራል። አውሮፕላኑ ቡናና ቆዳ ያወርዳል፤ ጨው፥ ጨርቅ፥ ቆርቆሮ፥ የመንግሥት ደመወዝ፥ ዳኛና መምህር ያወጣል። በሩቅ ጠቅላይ ግዛት የተሾመ ሹም ከዚያ ወዲህ መንገዱ ርቆብኝ ነው ብሎ ሪፖርቱን ለማዘግየት አልተቻለውም፤ ይህ ለአንዳንዱ ሹም ከአውሮፕላን ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ ሳይመስለው አይቀርም።

ስለ ላሊበላ አንድ ነገር ካልተነገረ ይጐድላል። የገናን በዓል ለማክበር ከሩቅ አገር በእግሩ ለሚመጣው ተሳላሚ ድካሙ ራሱ የበረከቱ ክፍል ነው። አውሮፕላን ወደዚያ መብረር ከጀመረ በኋላም ሜዳው አስፋልት ያልነካው ስለ ነበረ ለብዙ ዓመት በክረምት አይከፈትም ነበር፤ ስለዚህ ዝናብ በመጣ ቍጥር ቅድስቲቱ ከተማ እንደ ጥንቱ ለበቅሎና ለእግረኛ ብቻ ትቀራለች። ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ ዙር የሚያገናኘው ጉዞ የታሪክ መንገድ ተብሎ ለውጭ አገር ጐብኚ ሲታወጅ፥ እነዚያ ዳግላሶች ገና በሥራ ላይ ነበሩ።

የቀሩት አውሮፕላኖች ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። በ1943 ዓ.ም. ካሜሪካ ባንክ በተገኘ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ብድር ሁለት ኮንቬር 240 ተገዙ፤ አየር የሚታመቅባቸውና እውነተኛ ወንበር ያላቸው ስለ ነበሩ መንገደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ሳይዝ ተጓዘ። በ1950 ዓ.ም. ባለ አራት ሞተሩ ዲሲ 6 ቢ መጥቶ የአቴናና የፍራንክፈርት መንገድ ተከፈተ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ እስከ አክራ፥ ሌጎስና ሞንሮቪያ ድረስ የሚዘልቅ መንገድ ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ ዞሮ ነበር የሚደርስ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ቢ የተባሉት ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አጠረና ሥራው ወደ ቦሌ ዞሮ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ወደ ቻይና በረራ ተጀመረ። በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ወር አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ አዲስ አበባ ሲገባ፥ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያኽል ርቀት ሄዶ አያውቅም ነበር። ዳግላሶቹ በ1938 ዓ.ም. ሲመጡም እንዲሁ ሁለት ሞተር ነበራቸው።

ከነዚህ ሁሉ መንገዶች እጅግ ርቀው የሚገኙት ሲቀጥሉ፥ ብዙ መከራ ያየው ግን የመጀመሪያውና ቅርቡ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. አውሮፕላኑ መጀመሪያ ያረፈባት አሥመራ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ነበረች። ካዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ያኽል ናት፤ ለዳግላሱ ሦስት ሰዓት አይሞላም። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ስትተሳሰር የውጭ መንገድ የነበረው ያገር ውስጥ መንገድ ሆነ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራስዋን የቻለች አገር ስትሆን ያገር ውስጡ ተመልሶ የውጭ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ባዲስ አበባ ያለ ሰው ባሥመራ ያለች እናቱን ለማየት በሌላ አገር ዞሮ መሄድ ነበረበት፤ ያም ቢሆን ፈቃድ ላገኘ ብቻ ነው። እናት ሞተች የሚል መርዶ በስልክ የሚደርስበት፥ ስልክም በማይገባበት ዘመን በሦስተኛ አገር በኩል በወሬ የሚሰማበት ሃያ ዓመት አለፈ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. መንገዱ እንደ ገና ሲከፈት የተሳፈሩት ብዙዎቹ ነጋዴ ወይም ጐብኚ አልነበሩም። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነበሩ። ባሥመራ ጣቢያ መሬት የሳሙ፥ ሲለያዩ ሕፃን የነበረውን ልጅ ጢም አብቅሎ አግኝተው ማን እንደ ሆነ የጠየቁ ነበሩ። በዚያን ቀን መንገደኛው ብዙ ስለ ነበረ አንድ አውሮፕላን አልበቃም፤ ሁለት ተነሡ።

ይህም ስድስት ዓመት ቈየ። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ፥ ዘመን ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሥመራ የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። ወደ ካይሮ የሚሄደው ግን በዚያው በተከፈተበት የሰሜን አቅጣጫ ይበራል፤ በ1938 ዓ.ም. ያረፈባት ከተማ ላይ ሳያርፍ።